ጳጉሜ ሃያ አንድ

በሕይወቴ ሽማግሌ የላክሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ሚስቴን ለመጠየቅ፣ አንዴ ደግሞ ላፕቶፔ ላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ለመለመን። የመጀመሪያው ቀላል ነበር፤ እምቢ ብባል ቤቴ ገብቼ ከማልቀስ ሌላ የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ግን የአንዲት አሮጊት ክብር፣ የአንድ ማኅበር ሰላምና የእኔው ትዳር አንድ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ሦስቱንም ያንጠለጠልኋቸው እኔ ነኝ፤ ለዚያውም በአንዲት ቁጥር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምኖረው እንጅባራ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በ2006 መጨረሻ ላይ አለቃዬ "አንተ ወጣት ነህ" ብሎ ለአሥር ቀን የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ባሕር ዳር ላከኝ። ወጣት ያሰኘኝ ሌላው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው መሆኑ ነው። አሥር ቀን ሰውን ምን ያህል ሊያበላሽ እንደሚችል ማወቅ የሚፈልግ እኔን ይጠይቅ።

በስምንተኛው ቀን የጻፍኋት ፕሮግራም "ስምህ ማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ስሜን ጻፍሁላት። "ሰላም" ብላ በስሜ ጠራችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እንድትል ያዘዝኋትን ነው ያለችው፤ እሱን አላጣሁትም። ግን እስከዚያች ቀን ድረስ በዚህ ዓለም ላይ እኔ ያዘዝሁት ነገር እንዳዘዝሁት ሆኖ አያውቅም። ቤት ውስጥ አይሆንም፣ ቢሮ ውስጥ አይሆንም፣ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ ባዝ እንኳ የሚመጣው ምስር ነው። ይቺ ግን ያልኋትን አለች። ማንም ሳያየኝ ዐሥራ አንድ ጊዜ ደጋግሜ ሰላም አስባልኋት።

ከሥልጠናው ስመለስ አስተያየት የሌለኝ ነገር ጠፋ። ፕሮግራም ሲጻፍ ለሚቀጥለው ሰው ማስታወሻ ሊጻፍበት ይገባል እላለሁ። ከኢንተርኔት ላይ ሳይገባው ኮድ የሚገለብጥ ሰው ነውረኛ ነው እላለሁ። የሠሩት ነገር ሳይፈተሽ ለሰው አይሰጥም፣ በተለይ ዳር ዳሩ፣ ማለትም መጀመሪያና መጨረሻው፣ ይፈተሽ እላለሁ፤ አሠልጣኛችን "መሐሉ ሁልጊዜ ይሠራል፣ የሚገድላችሁ ዳሩ ነው" ብሎናልና። እንጅባራ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ ለባጃጅ ሾፌሮች ነበር የምነግራቸው። እነሱም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ "ታዲያ ይሄ ስልኬ ቻርጅ እንቢ ያለው ለምንድን ነው?" ይሉኛል።

ስለ ስልክ ከተነሣ፣ ሚስቴ ስንዱ የራሷ ጽኑ አቋም አላት። ስልክ ማለት ባትሪው ሳምንት የሚቆይ፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ነገር ነው። የእኔን በጣት የሚነካካ ስልክ "ሕመምተኛህ" ነው የምትለው፣ ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ስለምታየው። በዚህ ጉዳይ ስንከራከር አራት ዓመት ሞላን፤ ክርክሩን ልጽፍላችሁ ያልፈለግሁት ስለተሸነፍሁ ነው።

ስንዱ የዳንግላ ልጅ ናት። በእሷ በኩል ነው ዳንግላ ያለው የማርያም ጽዋ ማኅበር ውስጥ የገባሁት። አሥራ ስምንት አባላት ነን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ይቀበለናል። ጸሎት ይደረሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የተጣላ ይታረቃል። ሲያበቃ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ጽዋ በሰው ፊት ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ወሩን ሙሉ ቤቱ በክብር ያስቀምጠዋል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። ከዳንግላ ወጣ ብሎ የሚያርሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ከሥልጠናው ከተመለስሁ በኋላ በ2007 የጥር ማኅበር ላይ ጠጋ አልኋቸውና "ጋሽ ቢያድግልኝ፣ የተራው ዝርዝር የት ነው ያለው?" አልኋቸው።

"የምን ዝርዝር?"

"ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚደግስ የሚያሳይ ወረቀት።"

"ጽዋው አሁን የት ነው?"

"ይኸው፣ እዚህ ቤት።"

"እንግዲያው ተረኛው የዚህ ቤት ጌታ ነው። ሌላ ምን አጣህ?"

አዘንሁላቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ የዚያን ዕለት ግን ከልቤ ነው ያዘንሁላቸው። ሃያ ምናምን ዓመት የቆየ ማኅበር አንድ ወረቀት የለውም! ዝርዝሩን እኔ ላወጣ ወሰንሁና አባላቱን አንድ በአንድ "ጽዋውን የሚሰጡት ለማን ነው?" እያልሁ ጠየቅሁ። እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው፣ የሚቀጥለውን ሰው። ያንን ሰው ስጠይቅ እሱም አንድ ስም ይነግረኛል። እንዲህ እያልሁ አሥራ ስምንቱን ዞሬ ራሴን መጀመሪያ የጠየቅሁት ሰው ጋ አገኘሁት። አንድም የጎደለ፣ አንድም የተደገመ የለም። ሥልጠናው ላይ ይህንኑ አሠራር ለማስረዳት አሠልጣኙ ሁለት ቀን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሣጥንና ቀስት ሲስል ግማሻችን አልገባንም ነበር። እዚያው ቆሜ መደነቅ ነበረብኝ። ግን ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ማኅበሩን ላሠለጥነው ነው።

ፕሮግራሙን ጻፍሁት ብል ዋሸሁ፤ አብዛኛውን ገለበጥሁት። ስለ ነውረኞች የተናገርሁትን አልረሳሁትም፣ ግን እንጅባራ ላይ ኔትወርክ የሚመጣው ዝናቡ ሲደክመው ስለሆነ በመጣች አጋጣሚ ያገኙትን ማውረድ ነው። አንድ የማላውቀው የውጭ አገር ሰው የጻፈው፣ ተራ የሚያስታውስ ፕሮግራም ነበር። አንዱ ተራ ባለቀ በማግስቱ፣ ላፕቶፑ ላይ በሚሰካ ዶንግል ውስጥ ባለ ሲም ካርድ የሚቀጥለውን ተረኛ ለሁሉም አባል በአጭር መልእክት ያሳውቃል። ሳነበው ሳነበው አንድ ቦታ ላይ ዐይኔ ቆመ። "ወራት = 12" ይላል።

ደሜ ፈላ። አሥራ ሁለት! አገሬ አሥራ ሦስት ወር እንዳላት የማያውቅ ኮድ! አሥራ ሁለቷን ሰርዤ በኩራት አሥራ ሦስት ጻፍሁ። ያን ያህል ኩራት የተሰማኝ ስንዱ እሺ ያለችኝ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ፈተሽሁት። መስከረምን ሞከርሁ፣ ሠራ። ጥቅምትን ሞከርሁ፣ ሠራ። ኅዳርን ሞከርሁ፣ ሠራ። የቀረውንማ ምን አደከመኝ!

ከሚያዝያ ጀምሮ መልእክቱ መሄድ ጀመረ። በአብዛኛው ሰው ስልክ ላይ የእኛ ፊደል አራት ማዕዘን ሆኖ ስለሚታይ አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ነበር የምጽፈው። ሚያዝያ ላይ ሠራ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ ሠራ። ጋሽ ቢያድግልኝ እርሻ ላይ ሳሉ ስልካቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ጮኾ በሬዎቹን አቁመው እንዳስነበቡት በየማኅበሩ ያወሩ ነበር። የንስሐ አባታችን መሪጌታ ደግሞ "ጉድ ነው፣ ጉድ ነው" ብለው ላፕቶፑን ዞረው አዩት፤ ከኋላው ሰው መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጡ ይመስሉ ነበር። እኔ በአራት ወር ውስጥ ሁለት ኪሎ ሳልጨምር አልቀረሁም።

አሁን እትየ ጥሩወርቅን ላስተዋውቃችሁ፣ ነገሩ የእሳቸው ነውና። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዳንግላ ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ያረፉት ሁለቱ አብረው ከደገሱት የመጨረሻ ድግስ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሐዘኑ ሲበርድ ማኅበርተኛው ሊያስብላቸው ፈልጎ "እትየ፣ አቅምዎ ደክሟል፤ ተራው ይቅርብዎና እንዲያው እየመጡ ይጠጡ" አላቸው። እትየ ጥሩወርቅ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

"ተራ የሌለው ሰው እንግዳ ነው" አሉ። "እንግዳ ልታደርጉኝ ነው?"

ከዚያ ወዲያ ያን ነገር ያነሣ ሰው የለም። ተራ በአሥራ ስምንት ወር አንዴ ነው የሚደርሰው፤ እትየም የሚቀጥለውን ተራቸውን ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቁ ኖሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ቤቱ ገና ሞልቶ እንደሚያውቅ ማሳየት ፈልገው ነበር። የጠላውን ገብስ ከግንቦት ጀምሮ ለብቻው አስቀምጠውት እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ተራቸው ከጋሽ ቢያድግልኝ ቀጥሎ ነው። ጋሽ ቢያድግልኝ የነሐሴ ናቸው።

ነሐሴ ሃያ አንድ ጋሽ ቢያድግልኝ ቤት ተሰበሰብን። ዝናቡ የሚያባራ አይመስልም። እትየ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ቀሩ፤ እንዲህ ሲቀሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሲያበቃ ጋሽ ቢያድግልኝ ጽዋውን አነሡና "ለእትየ ማን ያድርስልኝ?" አሉ።

ሁሉም ወደ ውጭ፣ ወደ ዝናቡ ተመለከተ። እኔ ብድግ አልሁ። "ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ሰው አይድከም። ነገ ጠዋት ስልካቸው ይነግራቸዋል። ጽዋው እዚሁ ይሰንብት፣ ሲድኑ ይወስዱታል።"

እግዜር ይመስገን የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። ጋሽ ቢያድግልኝ ጽዋውን ወደ ቦታው ሲመልሱ ትንሽ አመነታ ነበር እጃቸው። እኔ ግን የዘመኑ ሰው ነኝና ከቁብ አልቆጠርሁትም።

በማግስቱ ዓርብ እንጅባራ ቢሮዬ ተቀምጬ መልእክቱ ሲሄድ አየሁ። "የጳጉሜ ተረኛ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ቀን ጳጉሜ 21።" ኔትወርኩ ብቅ ጥልቅ ይላል። ፕሮግራሙ ደግሞ "መድረሱን እስክታረጋግጥ ደጋግመህ ላክ" ተብሎ ታዟል፤ ይቺን እኔው ነኝ የጨመርኋት፣ ታታሪ እንዲሆን። ማያው ላይ "ተልኳል" የሚል መስመር እየተደረደረ ሲወርድ እያየሁ ሻይዬን ጠጣሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ጊዜ ሄደ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስንዱ ደወለች። እናቷን ለመጠየቅ ዳንግላ ቀርታ ነበር።

"ጳጉሜ ስንት ቀን ናት?" አለችኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

"አምስት። ምነው?"

"ሃያ አንድ የምትሆነው መቼ ነው?"

ጅል መሆን ደረጃ አለው። እኔ ማስላት ጀመርሁ። አምስት፣ ስድስት እያልሁ ወደ መስከረም ልሻገር ስል እግሬ ሥር ያለው ወለል የጠፋ መሰለኝ። ስልኩን እንደያዝሁ ተቀመጥሁ፤ ቀድሞውንም ተቀምጬ ነበር።

ዳንግላ የሆነው እንዲህ ነው። የእትየ ጥሩወርቅ ስልክ ይጮሃል። ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤታቸው ታነብላቸዋለች። "ተራዎ ጳጉሜ ሃያ አንድ ነው ይላል" ትላቸዋለች። እንደገና ይጮሃል። "ሌላ ነገር ይላል?" "የለም እትየ፣ ያንኑ ነው።" ሰባት ጊዜ። እትየ ጥሩወርቅ ትናንት ጽዋው እንዳልመጣላቸው ያውቃሉ። አሁን ደግሞ ተራቸው የማትመጣ ቀን ላይ መደረጉን ሰሙ፣ ለዚያውም ሰባት ጊዜ ተረጋግጦ፣ ለአሥራ ስምንት ሰው ተነግሮ።

"ገባኝ" አሉ። ለጠላው ሊያሰናዱ ያወጡትን ገብስ ከደጅ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በማኅበሩ የሚጠጡበትን የራሳቸውን ዋንጫ በጨርቅ ጠቅልለው በጋሪ ለጋሽ ቢያድግልኝ ላኩት። "ብቻየን ስለሆንሁ መቁረጣችሁ ደግ፤ ግን በሰው አፍ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?" የሚል ቃል አብሮ ነበር።

እስከ ማታ ድረስ ማኅበሩ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ገሚሱ ሳንጠራ ስብሰባ ተደርጎ ነው ብሎ አኮረፈ። ገሚሱ ያኮረፉትን አኮረፈ። የቀሩት ደግሞ ጳጉሜ ሃያ አንድ ማለት በኮምፒውተር አቆጣጠር መቼ እንደሆነ እኔን ለመጠየቅ ይደውላሉ። ስንዱ ለእኔ ያለችኝን አልጽፈውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን እትየን አስታርቄ ካልመጣሁ "ከሕመምተኛህ ጋር እዚያው እንጅባራ ኑር" የሚል ነው።

እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ። ጋሽ ቢያድግልኝና መሪጌታ ሽማግሌ ሊሆኑኝ እሺ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። ጋሽ ቢያድግልኝ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ባዶ እጅህን ነው የምትገባ? ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርብ።"

ድንጋይ ፍለጋ ዞር ዞር ስል "ቆይ እስቲ" አሉ። "አጥፊው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ እሱ?" ቦርሳዬን አመለከቱ።

"እሱ ነው፣ ግን እኔ ነኝ ያዘዝሁት" አልሁ።

"እንግዲያው እሱን ተሸከመው።"

መሪጌታም ተስማሙ። በጋሪ ጭቃውን አቋርጠን ስንሄድ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ትቶ እኔን ያያል። እትየ ደጃፍ ስንደርስ ወረድሁና ያን አሮጌ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ማጅራቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ። የቻርጀሩ ገመድ ፊቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ከመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል ፈርሜ ስወስደው ለዚህ አገልግሎት ይውላል ብዬ አላሰብሁም። ክብደቱ ግን ከድንጋይ አያንስም፣ ልመሰክርለት እችላለሁ።

እትየ ጥሩወርቅ በሩን ከፈቱ። ለሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ነሡ። እኔን አዩኝ።

"ምንድን ነው የተሸከመው?"

"ኮምፒውተር ነው እትየ" አሉ መሪጌታ።

"የሰደበኝ እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

የቻርጀሩን ገመድ ከፊቴ ላይ ገለል አደረጉ። "በሉ አስገቡት፣ ዝናብ እንዳይመታው" አሉ። እኔን ይሁን እሱን አልገባኝም፤ ሁለታችንም ገባን።

መብራት አልነበረም። የላፕቶፑ ባትሪ ሃያ ሁለት በመቶ ቀርቶታል፣ እሱ ደግሞ ከሃያ በታች ሲደርስ ሳይሰናበት የሚጠፋ ዓይነት ነው። ስለዚህ ይቅርታዬን በጥድፊያ ነበር የለመንሁት። ከፍቼ ያችን መስመር አሳየኋቸው። "እትየ፣ ማንም ስብሰባ አልተቀመጠም። ማንም አልቆረጠዎትም። ይቺ ናት ጥፋቷ። ወሮች አሥራ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱም ሃያ አንድ አለው ብዬ ነገርሁት። አመነኝ።"

እትየ ወደ ማያው ጎንበስ አሉ። "ጳጉሜ አጭር መሆኗን አልነገርኸውም?"

"አልነገርሁትም።"

"አይጠይቅህም?"

"አይጠይቅም እትየ።"

"ምነው!" አሉ፣ ፊታቸው ተለወጠ። "የነገሩትን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያምን? ታዲያ ምን አጠፋ ይሄ? ምስኪን ነው እንጂ።" እኔ ላይ ዐይናቸውን አነሡ። "ለእንዲህ ያለ ፍጡር ግማሽ ነገር ይነገራል?"

አሠልጣኜ በአሥር ቀን ያልነገረኝን በአንድ ጥያቄ ነገሩኝ።

"ይኸው አሁን ላስተካክለው" ብዬ ፈጥኜ ጻፍሁ። ጳጉሜ፣ አምስት ቀን። እየጻፍሁ ጮክ ብዬ ሳነብ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ማን ነው አምስት ያለህ?"

"አባ፣ ጳጉሜ አምስት አይደለችም?"

"ዘንድሮ ማን ነው ወንጌላዊው?" እኔ መልስ ፍለጋ ስዳክር ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ። "አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመነ ብሉይ። ሁለት ሺህ ሰባት ዘመነ ሐዲስ። ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሰባት። ለአራት ግደፈው። ስንት ተረፈህ?"

ስልኬን ላወጣ እጄን ኪሴ ሳስገባ እሳቸው ጨርሰው ነበር። "ሦስት። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። ሉቃስ ነው። በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት።"

እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ። አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ፣ በቀሪው መንገድ መምረጥ፣ ሥልጠናው ላይ አራተኛውን ቀን ሙሉ የተጨነቅንበት ነገር ነው። መሪጌታ ግን መብራት በሌለበት ቤት፣ በግራ እጃቸው ጣቶች፣ ቀኝ እጃቸው መስቀል እንደያዘ ሠሩት። ከማን እንደተማሩ ስጠይቃቸው "ከየኔታ" አሉኝ፤ የኔታስ ስላቸው "ከየኔታ" አሉኝ። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ ስንት ዘመን ያለ ስህተት የሠራ ፕሮግራም ከጣት ወደ ጣት ሲወርድ ኖሮ እዚህ ዳንግላ ደርሷል። እንደነገሩኝ ጻፍሁት። አራት መስመር ሆነች። እስከ ዛሬ ከጻፍሁት ሁሉ የማላፍርባት እሷን ብቻ ነው።

እትየ ጥሩወርቅ ግን የእኛን መደነቅ አላዩም። ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

"ስድስት ናት አላችሁ?"

"ስድስት ናት" አሉ መሪጌታ።

"ስድስት ቀን ሙሉ ተዘርግታ ሳለች ለእኔ አንዷን አጣህልኝ?"

"እትየ፣ ጳጉሜ ላይ ማኅበር የለም" አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። "ተራዎ መስከረም ነው። ይኸው ጽዋውንም ይዤ መጥቻለሁ።" ከጋቢያቸው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን አወጡ፤ የእትየም ዋንጫ አብሮ ነበር።

እትየ እጃቸውን አልዘረጉም። "ለአሥራ ስምንት ሰው ሰባት ሰባት ጊዜ ጳጉሜ ነው ብላችሁ ስታበቁ አሁን ውሸት ነበር ልትሉ ነው? ይኸን ምስኪን ውሸታም ልታደርጉት?" ላፕቶፑን በእጃቸው ዳሰሱት። "እኔ ጳጉሜ ነው ተብያለሁ። ጳጉሜ እደግሳለሁ። መሪጌታ፣ በጳጉሜ ማን አለ?"

"ሩፋኤል አለ፣ በሦስት።"

"በሩፋኤል እደግሳለሁ።"

ጋሽ ቢያድግልኝ ግራ ተጋቡ። "የመስከረሙ ተራዎስ?"

"ለሚቀጥለው ሰው ስጡት። እኔ ጳጉሜን ወስጃለሁ። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የእኔ ናት።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ቢያድግልኝ፣ አሥራ ስምንት ወር እስክጠብቅ ዕድሜ ማን ሰጠኝ? ባለፈው ተራ የጠበቅነው ሁለት ሆነን ነበር።"

ጋሽ ቢያድግልኝ መሪጌታን አዩ። መሪጌታ ወለሉን አዩ። እኔ ላፕቶፑን አየሁ፣ በዚያችው ቅጽበት ጠፋ። ማንም የተቃወመ የለም። እትየ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ይቅር ያሉኝ መሆኑን ያወቅሁት ገብሱን ወደ ደጅ እንዳወጣላቸው ሲያዙኝ ነው።

ጳጉሜ ሦስት ማክሰኞ ነበር። አኩርፎ የነበረውም፣ ያኮረፉትን ያኮረፈውም አንድ ሳይቀር መጣ። የእትየ ቤት አሥራ ስምንት ሰው ይይዛል ብሎ የሚገምት አልነበረም፤ ከነቤተሰቡ ያዘን። በድግሱ መሐል ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ሲጀምር ሁሉም የሩፋኤልን ዝናብ ሊመታ ወደ ደጅ ወጣ፣ መሪጌታ ቆባቸውን አውልቀው፣ ጋሽ ቢያድግልኝ ጋቢያቸውን ጥለው። እትየ ወደ እኔ ዞሩ።

"እሱስ?"

"ማን እትየ?"

"ምስኪኑ። አምጣው እንጂ ይመታ።"

"እትየ፣ ውኃ ከነካው ይሞታል! የመንግሥት ንብረት ነው!"

"የሩፋኤል ዝናብ ገድሎ አያውቅም።"

ስንዱ "አምጣው" የሚል ዐይን አሳየችኝ። ክርክሩ መሪጌታ ጋ ደረሰ። መሪጌታ ብዙ አሰቡና ክዳኑ ተዘግቶ ሦስት ጠብታ ብቻ፣ በጣት እንዲሆን ፈረዱ። እንደተፈረደው ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕሮግራሙ ተሳስቶ አያውቅም። እርግጥ ነው ከዚያ ወዲህ ዳር ዳሩን ሳልፈትሽ የምልከው ነገር የለም፣ ጽዋውም ዝናብ ዘነበ ፀሐይ ወጣ ከእጅ ወደ እጅ ሳይሰጥ አያድርም። ከየትኛው እንደሆነ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ ባለሙያ ቀጠረ። የእኔን ኮድ አሳየኝ ብሎ አሳየሁት። እያነበበ ፈገግ ይላል፣ እያነበበ ፈገግ ይላል። አንድ ቦታ ደርሶ ቆመ። "ወር 13 ከሆነ፣ ቀን 3፣ ተረኛ ሁልጊዜ ጥሩወርቅ። ይሄ ስህተት ነው፣ ላጥፋልህ?" አለኝ። ከመስመሩ በላይ የጻፍሁትን ማስታወሻ አላየውም ነበር። በጣቴ አሳየሁት። "ይህ ስህተት አይደለም። እትየ ጥሩወርቅ ብለዋል።" አነበበና እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

ዘንድሮ አራተኛዋ ጳጉሜያቸው ናት። ነሐሴ ሃያ ሁለት ጠዋት፣ መልእክቱ እንደተላከ፣ ስልኬ ጮኸ። እትየ ናቸው።

"ልጄ፣ ምስኪኑ ደህና ነው?"

"ደህና ነው እትየ።"

"ዘንድሮ ስንት ናት?"

"አምስት ናት።"

"ስድስት የምትሆነውስ መቼ ነው?"

ኮምፒውተሩን አልከፈትሁም። ግራ እጄን ዘርግቼ በጣቴ ቆጠርሁ። "ለከርሞ ነው እትየ፣ በሉቃስ።"

ሲያስቡ ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

"እንግዲያው ለከርሞም አለሁ" አሉ። "ጻፈኝ።"